ምንባቡ ምን አለ?

በዚህ ዐምድ ሂስ የሚቀርበው ብዙ ጊዜ በልብ ወለድ፣ በግጥም መድበል ወይም በመዝሙር ግጥሞች ላይ ነው። ዛሬ ግን ሂስ ሲጻፍለት አይቼ የማላውቀውን አንድ የጽሑፍ ዐይነት ላነሣ ነው፤ በእንግሊዝኛ ፈተና ወረቀት ላይ የሚወጣውን ምንባብ። ብዙ ጊዜ ርእስ የለውም፤ የጸሐፊው ስም አይጻፍበትም፤ ወዶና ፈቅዶ የሚያነበውም የለም። ሆኖም በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ሰሞን በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች አንገታቸውን ደፍተው ያነቡታል። በአገራችን ይህን ያህል ወጣት በዚህ ሁሉ ጭንቀት የሚያነበው ሌላ ጽሑፍ ያለ አይመስለኝም። እንግዲያውስ እኛም ቆም ብለን ብንመረምረው ተገቢ ነው።

ከምንባቡ ሥር ከሚደረደሩት ጥያቄዎች መካከል አንዱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። «የዚህ ምንባብ ዋና ሐሳብ የትኛው ነው?» ይላል፤ አንዳንዴም «ለዚህ ምንባብ የሚስማማው ርእስ የቱ ነው?» ብሎ ይመጣል። ተማሪዎች «የሜይን አይዲያ ጥያቄ» ይሉታል። የቃል ፍቺ የሚጠይቀውን በሸመደዱት፣ ቀንና ቁጥር የሚጠይቀውን በጣታቸው መስመር ለመስመር እየፈለጉ ያልፉታል። እዚህ ሲደርሱ ግን አራቱም ምርጫ ትክክል ይመስላቸዋል፤ እርሳሱ በእጃቸው ላይ ይቆማል።

«ተንኮል ያለበት ጥያቄ ነው» የሚል ስሞታ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። እኔ ግን ከወረቀቱ ሁሉ ሐቀኛው ጥያቄ እርሱ ነው እላለሁ። የሚጠይቀን አንድ ነገር ነው፦ ይህ ሰው ሲናገር እስከ መጨረሻው ሰምታችሁታል ወይ? ይህን ጥያቄ የምንስተው አንድም እንግሊዝኛችን ስለሚደክም ነው፤ ይህን አልክድም። አንድም ደግሞ ማንበብ ስንማር ቆንጥሮ ማንሣትን ስለ ተማርን ነው። እንዲህ አድርገው ካስተማሩት ሰዎች አንዱ ደግሞ እኔ ነኝ።

ያቺ አንድ ገጽ ወረቀት

ለተወሰኑ ዓመታት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎችን እንግሊዝኛ ሳስጠና ቆይቻለሁ። ስጀምር የነበረኝ መሣሪያ እኔ ራሴ ተማሪ ሳለሁ የደረሰችኝ አንድ ገጽ ፎቶ ኮፒ ነበረች። በላይዋ ላይ «የኮምፕሪሄንሽን ዘዴዎች» የሚል ተጽፎባታል። ምክሯም ይህ ነበር፦ መጀመሪያ ጥያቄውን አንብቡ፤ ቀጥሎ የምንባቡን የመጀመሪያና የመጨረሻ ዐረፍተ ነገር አንብቡ፤ ዋናው ሐሳብ ከሁለቱ በአንዱ ላይ አለ፤ ከዚያ በምንባቡ ውስጥ ያሉት ቃላት በብዛት የሚገኙበትን ምርጫ አጥቁሩ። ጊዜ ይቆጥባልና ተማሪዎቹ ወደዱት። እኔም አባዝቼ አደልኩት።

በ2014 ዓ.ም. ከነበሩት ተማሪዎቼ መካከል አንዲት ትጉህ ልጅ ነበረች። የማታውቀውን ቃል ሁሉ ከነትርጉሙ የምትጽፍበት ደብተር ነበራት። በዚያ ደብተር ሽፋን ላይ በትልልቁ ፊልጵስዩስ 4፥13ን ጽፋበታለች። ጥቅሱን ለፈተናው እንዲበረቱ ብዬ በሰሌዳ ላይ የጻፍኩላቸውም እኔው ነበርኩ።

የዚያ ዓመት ተማሪዎች ፈተናውን በ2015 ዓ.ም. ጥቅምት ወር በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ተቀምጠው እንደ ተፈተኑ ታስታውሳላችሁ። ውጤቱ ጥር ላይ ሲገለጽ ከተፈተኑት ከ800 ሺህ በላይ ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። እርሷ ከእነርሱ መካከል አልነበረችም። በሚቀጥለው ቅዳሜ መጥታ ሁለት ነገር ጠየቀችኝ። መጀመሪያ፣ «ቲቸር፣ ቃላቱን እኮ አብዛኛውን አውቃቸው ነበር፤ ታዲያ ፓሴጁ ለምን አልገባኝም?» አለችኝ። ቀጥሎ ደብተሯን አውጥታ ጣቷን ሽፋኑ ላይ አኖረችና፣ «ጥቅሱስ?» አለችኝ።

ለሁለቱም የሚሆን መልስ አልነበረኝም። አብረን ጸለይንና ሸኘኋት። ሁለቱ ጥያቄዎች አንድ መሆናቸውን የተረዳሁት ቆይቼ ነው። ወደዚያ በኋላ እመለሳለሁ፤ አስቀድመን ግን ምንባቡን እንየው።

ርእሰ ጉዳይ ግስ የለውም

አንድ ምንባብ ካስነበብኳቸው በኋላ «ዋና ሐሳቡ ምንድን ነው?» ብዬ ስጠይቅ በብዛት የሚመለስልኝ «ስለ ውኃ»፣ «ስለ ትምህርት»፣ «ስለ ወባ» የሚል ነው። ይህ መልስ ስሕተት አይደለም፤ ግን ገና ግማሽ ነው። «ስለ ምን?» ለሚለው የሚመለሰው ርእሰ ጉዳዩ ነው። ዋናው ሐሳብ «ስለዚያ ነገር ምን አለ?» ለሚለው የሚመለሰው ነው። «ስለ ወባ» ብትሉኝ ጸሐፊው ወባ ጠፍታለች ይበል፣ ወይም ተመልሳ መጥታለች ይበል አላውቅም። ርእሰ ጉዳይ ግስ የለውም፤ ዋና ሐሳብ ግን ግስ አለው።

እዚህ ላይ የገዛ ቋንቋችን ጥሩ መምህር ነው። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። «ልጁ ትናንት ከአባቱ የተቀበለውን ገንዘብ ለወንድሙ» ብዬ ዝም ብል፣ ሰጠው ወይስ ነፈገው አታውቁም። አማርኛ የሚሰማ ሰው የተናጋሪውን አፍ እያየ ግሱን ይጠብቃል። ምንባብም እንዲሁ ነው። ጸሐፊው ግሱን እስኪያመጣ ድረስ፣ ማለትም በያዘው ጉዳይ ላይ የሚለውን ብሎ እስኪጨርስ ድረስ ሊጠበቅ ይገባዋል። የመጀመሪያውን ዐረፍተ ነገር ይዞ የሚሮጥ አንባቢ «ልጁ ትናንት» የሚለውን ብቻ ሰምቶ ወሬ ሊያወራ የወጣ ሰው ነው።

አንድ ምንባብ አብረን እናንብብ

ነገሩ በቃል ብቻ እንዳይቀር በፈተና ምንባብ መልክ አጠር ያለ ጽሑፍ አዘጋጅቻለሁ። እንግሊዝኛው እንዳያዘናጋን በአማርኛ ጻፍኩት። በዝግታ አንብቡት።

«ባሕር ዛፍ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዳግማዊ አጼ ምኒልክ ዘመን ነው። በዚያን ጊዜ አዲስ አበባ በማገዶ እጥረት ተቸግራ ስለ ነበር ቶሎ የሚያድገው ይህ ዛፍ ለከተማይቱ ትልቅ መፍትሔ ሆነ። ዛሬ ግን ብዙዎች ይነቅፉታል። ብዙ ውኃ ይጠጣል፤ በአጠገቡ የተዘራ ሰብል ይቀጭጫል፤ ከሥሩም ሌላ ተክል በቀላሉ አያድግም። ይሁን እንጂ ገበሬው መትከሉን አልተወም። ዛፉ ሲቆረጥ ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ለአጠና ይደርሳል፤ ገንዘብ በቸገረ ጊዜም ተቆርጦ ይሸጣል። ስለዚህ ዛፉን በደፈናው ከመርገም ወይም በደፈናው ከማመስገን ይልቅ የት እንደ ተተከለ መጠየቅ ይሻላል። ከምንጭና ከማሳ ርቆ፣ ለእርሻ በማይሆን ተዳፋት ላይ ያለ ባሕር ዛፍና በወንዝ ዳር ያለው እኩል አይፈረድባቸውም። በአንዳንድ አካባቢ ገበሬዎች የአጠናውን ገበያ አይተው ሰብል ይዘሩበት የነበረውን ማሳ ሳይቀር በባሕር ዛፍ ተክተውታል።»

የዚህ ምንባብ ዋና ሐሳብ የትኛው ነው?

ሀ. ባሕር ዛፍ አዲስ አበባን ከማገዶ ችግር አዳናት።
ለ. ኢትዮጵያውያን ደኖቻቸውን መንከባከብ ይገባቸዋል።
ሐ. የባሕር ዛፍ ጥቅምና ጉዳት የሚመዘነው በተተከለበት ቦታ ነው።
መ. ባሕር ዛፍ ውኃና ሰብል ስለሚጎዳ ሊተከል አይገባም።

ያቺን አንድ ገጽ ወረቀት ተከትላችሁ ብትሄዱ የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ወደ «ሀ» ይወስዳችኋል። የመጨረሻውም አያድናችሁም፤ ስለ ማሳና ስለ አጠና ገበያ የሚናገር አንድ ዝርዝር ብቻ ነው። በምንባቡ ውስጥ ያሉትን ቃላት ብትቆጥሩ ደግሞ «ባሕር ዛፍ»፣ «ውኃ»፣ «ሰብል» ተሰብስበው የሚገኙት በ«መ» ውስጥ ነው። መልሱ ግን «ሐ» ነው። እንዴት እንደ ሆነ እንይ።

«ሀ» ውሸት አይደለም፤ ምንባቡ ብሎታል። ነገር ግን የምንባቡ አንድ ጥግ ነው። በ«ሀ» ስም ቤቱን ብትሠሩት ስለ ገበሬው፣ ስለ ምንጩ፣ ስለ ተዳፋቱ የተባለው ሁሉ ደጅ ያድራል። ይህ ጠባብ መልስ ነው።

«መ» ግማሹን ሰምቶ የወጣ ሰው መልስ ነው። ጸሐፊው የነቃፊዎችን ቃል ያመጣው ሊመልስላቸው ነው፤ «ይሁን እንጂ» ያለውም ለዚህ ነው። በእንግሊዝኛ ምንባብ «ሀውኤቨር»፣ «በት»፣ «ዬት» የሚሉት ቃላት የመንገድ መታጠፊያ ናቸው። ከመታጠፊያው በፊት ያለውን ይዞ የቀረ ሰው የሌሎችን አሳብ የጸሐፊው አድርጎ ይወስዳል። በፈተና ላይ ከማውቃቸው ስሕተቶች ሁሉ ይህ የከፋው ነው፤ ሰውየው ሊቃወመው ያመጣውን ነገር በአፉ ላይ ማድረግ ነውና።

«ለ» ግን ልዩ ትኩረት ይፈልጋል፤ ብዙ ጊዜ እኛን የሚጥለን እርሱ ነው።

ትክክል ነው፤ ግን አልተባለም

በምንባቡ ውስጥ «ደኖቻችንን እንንከባከብ» የሚል አንድም ቃል የለም። ታዲያ ለምን ይማርከናል? መልካም ነገር ስለ ሆነ ነው። ደግ ምክር ነው፤ ማንም አይቃወመውም፤ ስብከትም ይወጣዋል። ሦስት የቆዩ ልማዶች ወደዚህ ዐይነቱ መልስ የሚገፉን ይመስለኛል። ሦስቱም በየቦታቸው መልካም ናቸው።

አንደኛው ተረት ነው። በልጅነታችን ተረት ከተነገረን በኋላ «ከዚህ ምን ተማራችሁ?» እንባላለን። ስለዚህ ማንኛውም ጽሑፍ ሲያልቅ ምክር ፍለጋ እንሄዳለን። ፈተናው ግን ምን እንደ ተማራችሁ አልጠየቀም፤ ምን እንደ ተባለ ነው የጠየቀው።

ሁለተኛው ቅኔ ነው። በሰምና ወርቅ ባህል ውስጥ ያደግን ሰዎች ነን፤ ፊት ለፊት የተባለውን ትተን ከኋላው ያለውን መፈለግ የብልህነት ምልክት ይመስለናል። የፈተና ምንባብ ግን ወርቅ አልቀበረም። የሚፈልገው ሰሙን በትክክል እንድታዩለት ነው። አንዳንድ በጣም ጎበዝ ተማሪዎች ይህን ጥያቄ የሚስቱት ስንፍና ይዟቸው ሳይሆን ከሚገባው በላይ ስለሚራቀቁ ነው።

ሦስተኛው የእኛው የቤተ ክርስቲያን ልማድ ነው። በቃል ጥናት ቡድን አንድ ክፍል ተነቦ ሳያልቅ «ለእኔ የተናገረኝ ነገር» ብለን እንጀምራለን። ለራስ መስማት ትልቅ ነገር ነው፤ ያለ እርሱ ንባብ ደረቅ ነው። ነገር ግን ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ «ምን አለ?»፤ ቀጥሎ «ለእኔ ምን አለኝ?»። ሁለተኛው ጥያቄ የመጀመሪያውን ቀድሞ ሲመጣ ጸሐፊው ዝም እንዲል ተደርጎ እኛ እንናገራለን። ሳይሰሙ ስለ መመለስ መጽሐፈ ምሳሌ በምዕራፍ 18 የሚለውን ታውቃላችሁ።

ስለዚህ ከፈተና ምርጫ ፊት ስትቆሙ «ይህ እውነት ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ አራቱም እውነት ሊሆኑ ይችላሉ። «ይህን ብሏል? ብሎስ ከሆነ ሌላውን ሁሉ የተናገረው ይህን ለማለት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። በባሕር ዛፉ ምንባብ የታሪኩ መግቢያ የዛፉን ጥቅም ያሳያል፤ ነቀፌታው ጉዳቱን ያሳያል፤ የገበሬው ምክንያት እንደገና ጥቅሙን ያሳያል፤ «ስለዚህ» የሚለው ቃል ሲመጣ ሁሉም ወደ አንድ ቦታ ይሰበሰባል። የመጨረሻው ዐረፍተ ነገርም ቦታው ሲሳት የሚሆነውን ያሳያል። «ሐ» ሁሉንም ያስጠልላል፤ ከምንባቡ ውጭ የሆነ ነገርም አይጨምርም።

በፈተናው ላይ ያለኝ ነቀፌታ

ሂስ እንደ መሆኑ ፈተናውንም ዝም ብዬ አላልፈውም። የፈተና ምንባብ ከቤቱ ተነቅሎ የመጣ ጽሑፍ ነው። ማን ጻፈው፣ ለማን ጻፈው፣ መቼ ጻፈው የሚለው ብዙ ጊዜ አይነገረንም። በተለመደው ንባብ ግን የአንድን ሰው ነገር ለመረዳት ከሚያግዙን ዋና ነገሮች እነዚህ ናቸው። አንዳንዴም ሁለት ምርጫዎች በጣም ተቀራርበው ይመጡና አንዱ ከሌላው የሚለየው በአንዲት «ሁልጊዜ» ወይም «ብቻ» በምትል ቃል ይሆናል። ያን ጊዜ የሚፈተነው ንባብ ይሁን ጥንቃቄ ያጠራጥራል። ከሁሉ በላይ ደግሞ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ብዙ ሳያነብ ያደገ ልጅ በእንግሊዝኛ እንዲያነብ ሲጠየቅ ሸክሙ ድርብ ነው። ቃላቱን የማያውቅ ሰው በዘዴ ብዛት አይድንም፤ ይህን መደበቅ ተማሪን ማታለል ነው።

ይሁንና ጥያቄው ራሱ የእኛ አገር ፈተና ብቻ የሚጠይቀው አይደለም። ወደ ውጭ አገር ለመማር አይልትስ የሚፈተኑ ወንድሞችና እህቶች ለየአንቀጹ ርእስ እንዲመርጡ የሚያዝዝ ክፍል ያጋጥማቸዋል፤ የተሰጡት ርእሶች ከአንቀጾቹ ቁጥር ስለሚበልጡ ተርፈው የሚቀሩ አሉ፤ የሚያሳስቱትም እነርሱ ናቸው። በአሜሪካ ያሉ ልጆቻችን የሚፈተኑት ኤስኤቲ በኮምፒውተር መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ምንባቦቹ ከ25 እስከ 150 ቃላት ብቻ ሆነዋል፤ ለእያንዳንዱም አንድ ጥያቄ ይቀርባል። ምንባቡ ቢያጥርም የዋና ሐሳብ ጥያቄ አልቀረም። በዚያው አገር ለሕግ ትምህርት ቤት መግቢያ የሚሰጠው ኤልሳትም ይህንኑ ይጠይቃል። ጠበቃ ሊሆን የሚፈልግ ሰው የተቃዋሚውን ክርክር በትክክል መድገም ካልቻለ እንዴት ይሟገታል? ፈተናዎቹ በመልክ ቢለያዩም የሚፈልጉት ሰው አንድ ነው፦ ሌላው ሰው ያለውን ሳይጨምርና ሳይቀንስ መልሶ መናገር የሚችል።

ወደ ደብተሩ ሽፋን

አሁን ወደዚያች ተማሪዬ ልመለስ። ጣቷን ያኖረችበትን ጥቅስ ብዙዎቻችን በየግድግዳው ለጥፈነዋል፤ በሞባይላችን ላይም አድርገነዋል። እኔም በሰሌዳ ላይ የጻፍኩት ብቻውን ነው፤ ከፊቱና ከኋላው ያለውን አላስነበብኳቸውም። ያደረግሁት በትክክል ያቺ ወረቀት የምታዝዘውን ነው። ከምንባቡ አንድ ዐረፍተ ነገር አንሥቼ ዋናው ሐሳብ ይህ ነው አልኩ።

በዚያ ሳምንት ለብቻዬ ተቀምጬ ክፍሉን ከቁጥር 10 እስከ 20 እንደ ፈተና ምንባብ አነበብኩት። የሚጽፈው ሰው እስረኛ ነው። ወዳጆቹ ስጦታ ልከውለታል፤ የሚጽፈውም ሊያመሰግናቸው ነው። ሲያመሰግናቸው ግን ለገንዘቡ የጓጓ እንዳይመስልባቸው፣ ማግኘትንም ማጣትንም፣ መጥገብንም መራብንም እንደ ለመደና ባለው መኖርን እንደ ተማረ ይነግራቸዋል። ያ ዝነኛ ቁጥር የሚመጣው እዚያ ላይ ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ያሰብኩት ሁሉ ይሳካልኛል የሚል የማለፊያ ዋስትና አይደለም። ቢሞላም ቢጎድልም የሚያቆመኝ አለ የሚል የእስረኛ ምስክርነት ነው። ከዚያ ወዲያም ሰውየው ወደ ስጦታው ይመለሳል፤ በመከራው ስለ ተካፈሉት ያመሰግናቸዋል።

ይህን ሳነብ አፈርኩ። ጥቅሱ በዚያች ልጅ ላይ አልዋሸም፤ ያላለውን እንዲል ያደረግሁት እኔ ነበርኩ። ቆንጥሬ የሰጠኋት ቃል ውጤቱ በወጣ ቀን ከዳት። ሙሉውን አንብባ ቢሆን ኖሮ ግን ያ ክፍል የተጻፈው ልክ እንደዚያ ላለ ቀን ነበር። «ፓሴጁ ለምን አልገባኝም?» እና «ጥቅሱስ?» ያለችው አንድ ጥያቄ ነው ያልኳችሁ ለዚህ ነው። ሁለቱንም የነጠቅኋት በአንድ ዘዴ ነው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ክፍሉን አብረን አነበብነው። «ዋና ሐሳቡን በአንድ ዐረፍተ ነገር ንገሪኝ፤ ግስ ይኑረው» አልኳት። ብዙ ቆየች። ከዚያ በራሷ አማርኛ፣ «ሰውየው ስላገኘው እያመሰገነ፣ ባያገኝም እንደማይወድቅ ይናገራል» አለችኝ። ከዚህ የተሻለ መልስ እኔም የለኝም።

የምንለማመድበት መንገድ

ያቺን አንድ ገጽ ወረቀት ማደል ትቻለሁ። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ የምናደርገው ቀላል ነው፤ በቤታችሁም ልትሞክሩት ትችላላችሁ።

በመጀመሪያ ምንባቡን ምርጫዎቹን በወረቀት ሸፍነን እስከ መጨረሻው እናነባለን። ምርጫዎቹ ከምንባቡ ቀድመው ወደ ጆሯችን ከገቡ ጸሐፊውን አያሰሙንም።

ቀጥሎ በየአንቀጹ ዳር ላይ ሁለት ወይም ሦስት ቃል በአማርኛ ወይም በምታስቡበት ቋንቋ እንጽፋለን፦ አንቀጹ ምን እንደ ተናገረ ሳይሆን ምን እንደ ሠራ። «ታሪክ አመጣ»፣ «ነቀፌታ ጠቀሰ»፣ «መለሰ»፣ «ደመደመ»። እንዲህ ስናደርግ የትኛው ሐሳብ አገልጋይ፣ የትኛው ጌታ እንደ ሆነ ይታየናል።

ከዚያ ምንባቡን ዘግተን «ጸሐፊው የሚለው…» ብለን ጀምረን ዐረፍተ ነገሩን በግስ እንጨርሳለን። ይህን ዐረፍተ ነገር ከጻፍን በኋላ ብቻ ምርጫዎቹን እንገልጣለን። የምንፈልገው ምርጫ የእኛን ዐረፍተ ነገር የሚመስለውን ነው፤ ቃላቱ ቢለያዩም ትርጉሙ ይገናኛል።

በመጨረሻ የቀሩትን ሦስቱን እያንዳንዳቸውን በስማቸው እንጠራቸዋለን፦ ጠባብ፣ ሰፊ፣ ግማሽ፣ ወይም «እውነት ነው፤ ግን አልተባለም»። የወደቀበትን ምክንያት ሳንናገር አንድም ምርጫ አንሰርዝም። ሲጀመር አንድ ምንባብ ግማሽ ሰዓት ይፈጅብናል፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ግን እጃችን ይፈጥናል። ፍጥነት የልምምድ ፍሬ ነው፤ በአቋራጭ አይገኝም። ከዚህም ጋር በየቀኑ ቢያንስ አንድ ገጽ እንግሊዝኛ ማንበብ ግድ ነው፤ ቃላት የሚገኙት ከዚያ ነውና።

ውድ አንባቢ፣ ፈተናው ያልፋል። ያለፈም የወደቀም ከዚያ በኋላ ዕድሜ ልኩን የሰው ቃል ሲሰማና ሲያነብ ይኖራል። በየቀኑ በስልካችን ላይ የአንድ ሰው ንግግር በሠላሳ ሴኮንድ ተቆርጦ ይመጣል፤ ሰውየው ምን ለማለት እንደ ተነሣ ሳናውቅ እንፈርድበታለን። የወላጆቻችንን ምክር መጀመሪያውን ሰምተን ቀሪውን «አውቀዋለሁ» እንላለን። ሰውን እስኪጨርስ መስማት የፍቅርም የፍትሕም መጀመሪያ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ያቺ የፈተና ጥያቄም በአቅሟ ይህንኑ ታለማምደናለች።

ስለዚህ አንድ የቤት ሥራ ልስጥና ላብቃ። ይህን መጽሔት ከማጠፋችሁ በፊት የዚህን ጽሑፍ ዋና ሐሳብ በአንድ ዐረፍተ ነገር ጻፉ። ግስ ይኑረው። ከዚያ ለጓደኛችሁ አሳዩትና የእርሱን እዩ። ያላልኩትን ነገር ከጻፋችሁ ወደ መጀመሪያው ገጽ ተመለሱ፤ ተመልሳችሁም ያንኑ ካገኛችሁ ግን ጥፋቱ የጸሐፊው ነውና በሚቀጥለው ዕትም እታረማለሁ።